ዓይን የሚለካው ስልክ፦ ፒክ አኩይቲ በወሎ ቀበሌ

«ያ የዓይን መለኪያ አፕ የምር ይሠራል ወይስ ለፎቶ ብቻ ነው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፤ አንዳንዱ እንደኔ ደሞዝተኛ ሆኖ ዶክትሬት የጀመረ ነው፤ አንዷ ደግሞ ፒያሳ መነጽር ቤት ያላት ወዳጄ ናት። ስለዚህ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይሠራል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አራቱን ያገኘው ግን ሰው ሁሉ በሚያወድስለት ነገር አይደለም። ትክክለኛነቱ ደህና ነው፣ ነፃ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ይሁን። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። እኔ ወልድያ ዱቤ ስሰበስብ ሌላ ሰው ኩታበር ላይ ሆኖ በኔ ፈንታ በአግባቡ መለካት መቻሉ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ኦፕቶሜትሪስት (እይታ ለክቶ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የዓይን መድኃኒትና መነጽር ለሚያስመጣ ድርጅት የሽያጭ ወኪል ሆኜ እሠራለሁ። ከከሚሴ እስከ ወልድያ ያለው ፋርማሲና መነጽር ቤት የኔ ነው (የኔ ስል ዱቤው የኔ ነው ማለቴ ነው)። የወር መጨረሻ ሲሆን ቅዳሜም ይጨመራል፤ ታርጌት የሚባል ነገር ሰንበት አያውቅም። በዚያ ላይ የግላኮማ (ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያሳውር በሽታ) ጠብታ አለ። ላታኖፕሮስት የሚባለው ጠብታ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት የበረዶ ሣጥን ጭኜ ሐረጎን ስወርድ ሾፌሩ «ዓሣ ነው እንዴ?» ይለኛል። ከላይ ደሴ በጉም ታፍና ሳለ ታች ኮምቦልቻ ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ሣጥኑን እዚያ ከፍቶ መቆየት አይቻልም።

የዶክትሬት ጥናቴ በገጠር ያሉ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰዎች ዓይናቸው ሲደክም ለምን ወደ ሕክምና እንደማይሄዱ፣ ከሄዱም መንገድ ላይ የሚቀሩት የት እንደሆነ ነው። ይህን ለመጠየቅ ግን አስቀድሞ ማን ምን ያህል እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ማለትም ቤት ለቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ዓይን መለካት። ይህንን ሥራ ሥራ ያለው ሰው ብቻውን አይወጣውም። አማካሪዬም መጀመሪያ ላይ «ወይ ሥራውን ተይው ወይ ጥናቱን አሳንሺው» ነበር ያሉኝ። ሥራውን ብተው የሚከፍልልኝ የለም፤ ጥናቱን ባሳንሰው ውጤቱ ለማንም አይረባም።

አሁን ወደ ዕቃው። ፒክ አኩይቲ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው፤ ጎግል ፕሌይ ላይ በነፃ ይገኛል። መነሻው ለንደን ከሚገኘው የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ አንድሩ ባስታውረስ የተባሉ የዓይን ሐኪም ኬንያ ናኩሩ ውስጥ ጥናት ሲሠሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያበጁት ነው። ከባድ የሕክምና ዕቃ ይዞ ገጠር ለገጠር መዞር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው የሠራው መሆኑ ያስታውቃል። ስክሪኑ ላይ የምትወጣው አንዲት የእንግሊዝኛ «ኢ» ብቻ ናት፤ ጣቶቿን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ አዙራ። ዓይኑ የሚለካው ሰው ጣቶቿ ወደዞሩበት በእጁ ይጠቁማል፤ ስልኩን የያዘው ባለሙያ ደግሞ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ወደዚያው ያንሸራትታል። ሰውዬው አልታየኝም ካለ ስልኩን መነቅነቅ ነው። አፑ መልሱን እያየ ፊደሏን ያሳንሳል፣ ያተልቃል፤ በመጨረሻ 6/6፣ 6/18፣ 6/60 እያለ ወይም ሎግማር በሚባለው ሌላ የእይታ መለኪያ ውጤቱን ይሰጣል። 6/60 ማለት ደህና ዓይን ከ60 ሜትር የሚያየውን ሰውዬው የሚያየው ከ6 ሜትር ነው ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው አይፈልግም፤ ለኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እርግጥ «ኢ» የምትባለውን ፊደል ለገበሬ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቼ መላውን ያገኙት ከአውድማ ነው፤ «መንሽ ናት» አሉ፣ አለቀ። «የመንሹ ጣት ወዴት ዞሯል?» ሲባል የማይገባው ሰው እስካሁን አላየሁም።

አንድ ልኬታ ከቅርብ ላሳያችሁ። ኩታበር ውስጥ ነው፤ ከሥራ ያመለጥኩበት ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬ ሄጃለሁ፣ ለመለካት ሳይሆን ለማየት። እማማ በረንዳው ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ጓዳ ቡና ትቆላለች። ነርሷ ገመዱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁለት ሜትር ላይ ቋጠሮ ያለው ተራ ሲባጎ ነው። እማማ ገመዱን ሲያዩ ተነሥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። ለካስ የትራኮማ ኪኒን ሲታደል ቁመት በእንጨት ተለክቶ ስለሆነ መጠኑ የሚታወቀው፣ ዓይን ብሎ የመጣ ሁሉ ቁመት የሚለካ መስሏቸው ነው። ልክ ናቸው፤ ኪኒኑ፣ ማለትም አዚትሮማይሲን፣ በዘመቻ ሲሰጥ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

«ይቀመጡ እማማ፣ ዛሬ ቁመት አይደለም።»

«ኪኒኑስ?»

«ኪኒንም አልያዝንም። ዓይንዎት እስከየት እንደሚያይ ነው የምናየው።»

«አይ ልጄ፣ እሱንማ እኔው ልንገርሽ፤ አያይም።»

ነርሷ ሣቀች፤ ግራ ዓይናቸውን በነጠላቸው እንዲከልሉ ነገረቻቸው። በጣት አይደለም። በጣት የከለለ ሰው ሳያውቀው በጣቶቹ መሐል ያያል፤ ይሄን መረጃ ሰብሳቢዎቼ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ወደ እማማ አዞረች። ልብ በሉ፣ እሷ ስክሪኑን አታየውም። የምታየው የእማማን እጅ ብቻ ነው፤ እጃቸው በሄደበት ጣቷን ታንሸራትታለች። ቀኝ የማን ቀኝ ነው፣ ግራስ የማን ግራ ብሎ ማሰብ የለም። እማማ ሦስቱን በድፍረት ጠቆሙ። አራተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከኋላ የቆመ የልጅ ልጅ «ወደ ላይ ነው እማማ፣ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ። ውኃ ቅዳ ተብሎ ተላከ።

ቀኝ ዓይናቸው 6/60 ወጣ፤ ግራው 6/18። ነርሷ መሐሉ የተበሳ ጥቁር ካርቶን ሰጥታቸው በቀዳዳው አሾልቀው እንዲያዩ አደረገች። በቀዳዳ ሲታይ የሚሻሻል ዓይን ብዙ ጊዜ መነጽር ነው የሚፈልገው፤ ግራው ትንሽ ተሻሻለ፣ ቀኙ ግን ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ስታበራበት ብሌኑ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፤ የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም። አፑ ግን ስለዚህ ምንም አይልም፤ የሚለው 6/60 ብቻ ነው።

የኛ አያያዝ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የፊደል ሰሌዳ በምን እንደሚለይ ልንገራችሁ። ጎንደር ስማር በሰሌዳ ነው የሠለጠንኩት፤ ሰሌዳን አልንቅም። ግን በሰሌዳ የምትለካ ባለሙያ መልሱን ታውቃለች። ሰውዬው ተሳስቶ ሲጠቁም ፊቷ ይለወጣል፤ «እስቲ ደግመው ይዩት» የምትለው ሲሳሳት ብቻ ነው፤ ሰውዬውም ይህቺን ፍንጭ ይዞ ይገለብጣል። ሁለተኛው ዓይን ሲመጣ ደግሞ መስመሩን በቃሉ ይዞታል። ስልኩን ደረቱ ላይ ያደረገ ሰው ግን የሚሰጠው ፍንጭ የለውም፤ ፊደሏም በየጊዜው በዘፈቀደ ስለምትዞር በቃል የሚያዝ ነገር የለም። የሠለጠነ ሐኪም ለዚህ አይቸገርም ይሆናል። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ለመረጃ መሰብሰብ የተቀጠረች ልጅ ግን ትቸገራለች፤ ሥራዬ የሚተማመነው ደግሞ በሷ ላይ ነው።

ቁጥርም ልስጣችሁ፤ ለፈተና ኮሚቴ የሚቀርበው ይሄኛው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የናኩሩ ጥናት አፑን ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ በሆነ 300 ሰዎች ላይ ሞክሮታል። ደረጃውን ከጠበቀው ሰሌዳ ጋር የነበረው ልዩነት በአማካይ 0.07 ሎግማር ነው። በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር 0.1 ስለሆነ ልዩነቱ አንድ መስመር አይሞላም ማለት ነው። አንድ ልኬታ በአማካይ 77 ሰከንድ ይፈጃል፤ በተለመደው የስኔለን ሰሌዳ 82 ሰከንድ። የአምስት ሰከንድ ትርፍ ማንንም አያኮራም። ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ስድስት ሜትር ባዶ ቦታ፣ እኩል ብርሃን፣ ሰሌዳ የሚሰቀልበት ግድግዳ። የገጠር ቤት ውስጥ ስድስት ሜትር ፈልጉና አግኙ! ሁለት ሜትር ግን በረንዳ ላይም፣ የዋርካ ጥላ ሥርም፣ ጎተራ ጎንም ይገኛል።

እንግዲህ ሥራና ጥናት አብረው የሄዱልኝ በዚህ መንገድ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ቅዳሜና እሑድ አሠለጠንኩ፤ ሥልጠናው ከቡናው ጋር እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ውጤቱን ቆቦቱልቦክስ በሚባል የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ ላይ ያስገባሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። እኔ ማታ ሆቴል ውስጥ፣ ወልድያም ልሁን ከሚሴ፣ የዕለቱን መዝገብ ከፍቼ አያለሁ። የሁለት ዓይን ውጤት ሁሌም እኩል እየሆነ የሚመጣበት መረጃ ሰብሳቢ ካለ በማግሥቱ ስልክ ይደወልለታል። ከተለኩት ሰዎች ጥቂቱን ደግሞ ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ይደግማቸዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህ ሁሉ የኔን ዓይን አይፈልግም፤ የኔን ማታ ብቻ ነው የሚፈልገው። ማታዬን ድርጅቱ ገና አልገዛውም።

እዚህ ላይ ጎርበጥ የሚል ነገር አለ፤ ሸፍኜው አላልፍም። መነጽር የሚሸጥ ሰው መነጽር የሚያስፈልገውን ሰው እየቆጠረ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛሌን ሲያይ ያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ያገኘሻቸውን ሰዎች መነጽር የምትሸጪላቸው አንቺ ነሽ?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። መልሴ በጽሑፍ ሰፍሯል፦ በጥናቱ ቀበሌዎች አልሸጥም፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ የድርጅቱን ካታሎግ አይተውት አያውቁም፤ የላክናቸው ሰዎች የሚሄዱት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ነው፤ የድርጅቱ ስምም በምስጋናው ገጽ ሳይሆን በጥቅም ግጭት መግለጫው ላይ ነው የሚጻፈው። ሥራ አስኪያጄ ይህቺን የመጨረሻዋን አልወደዷትም። «እኛ ደሞዝ እየከፈልን እንደ ተከሳሽ ልንጻፍ?» አሉ። ተጻፈች።

አፑ እዚህም ረድቶኛል፣ ባላሰብኩት በኩል። መለኪያው የድርጅቴ ዕቃ አይደለም፤ የምሸጠውን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መመርመሪያ ይዤ ብሄድ ኖሮ ገበሬው ቤት ድረስ ማስታወቂያ ይዤ እንደገባሁ ይቆጠር ነበር። ስልክ ስልክ ነው።

አሁን ያልሰጠሁትን አምስተኛ ኮከብ ልናገር። ፒክ አኩይቲ የሚለካው የሩቅ እይታን ነው። የቅርብ እይታን አይለካም። ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛው ሮሮው የቅርብ ነው፦ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም፣ ቁርኣንም ዳዊትም ማንበብ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት የቅርብ እይታን በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ኤን6 በሚባል የፊደል መጠን ነው የሚለካው፤ እኔም ይህን በወረቀት ካርድ አስለካለሁ። ካርዱ ይላባል፣ ይታጠፋል፣ ቡና ይፈስበታል። ስልክ ብቻ ይዤ እወጣለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ስለዚህ ቦርሳው ውስጥ ካርድ ይጨምር።

ይህቺ የቅርብ እይታ ነገር ሥራ ቦታም ጣጣ አላት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የሕንድ ጥናት አለ፤ አሳም ውስጥ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሲሰጥ ምርታቸው መነጽር ካላገኙት በ21.7 በመቶ በልጧል። ሥራ አስኪያጄ ይህን አንብበው ማታውኑ ደወሉ። «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ!» አሉኝ፤ ሒሳቡን ጨርሰውታል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀውን ፓርክ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ስፌት ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ገና ሃያዎቹን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። የቅርብ እይታ ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ነው የሚደክመው። ለነዚያ ልጆች የንባብ መነጽር መሸጥ ለጨቅላ ምርኩዝ መስጠት ነው። ገበያው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰፉ የኖሩ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ፣ ጥልፍ ሠሪዎች ዘንድ። ይህን እንደ ሻጭ ነገርኳቸው። እንደ ተመራማሪ ደግሞ ሌላ አልኳቸው፦ የአሳም ጥናት የአሳም ነው፤ ወሎ ላይ 21.7 በመቶ ብለን በራሪ ወረቀት ላይ ማተም አንችልም። በራሪው ያለ ቁጥሩ ታተመ።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት የማያስወድዱ ነገሮች። ፀሐይ ጠላቱ ነው። ቆላ ወርዳችሁ፣ ሐርቡ ወይ ባቲ በቀትር ሜዳ ላይ ከሆናችሁ፣ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፤ ሰውዬው የሚያየው ፊደል ሳይሆን የራሱን ፊት ነው። ጥላ ፈልጉ፤ ብሩህነቱን ከፍ አድርጉ፣ በራሱ እንዲቀያየርም አትተዉት። ብሩህነቱ ከፍ ሲል ባትሪው ይፈጃል፤ ፓወር ባንክ የግድ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀበሌ ውስጥ ቻርጅ ለመኑ ማለት ነውና። የተሰነጠቀ ስክሪን አይሆንም፤ ስንጥቁ ትንሿ ፊደል ላይ ሲያርፍ የመንሹን ጣት አራት ያደርገዋል። አዲስ ስልክ ስትጭኑም ትልቋን ፊደል በማስመሪያ ለኩ። በሁለት ሜትር ላይ የ6/60 ፊደል ቁመቷ 29 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለባት፤ ይህ የአፑ ሳይሆን የሒሳቡ ሕግ ነው፣ የትኛውም ሰሌዳ ይገዛበታል። ጠርጣራ ነሽ በሉኝ፤ የዶክትሬት ሥራ ነው።

ስልኩ ደግሞ የሥራ ስልካችሁ አይሁን። በልኬታው መሐል ጥሪ ሲገባ ፊደሏ ትጠፋና የደዋዩ ስም ይወጣል። የኔ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ የወጣው ዱቤ ያለበት ባለ ፋርማሲ ነው፤ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው «ይቺስ መንሽ አይደለችም፤ ሰው ናት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለጥናቱ ሲም ካርድ የሌላቸው ስልኮች ተገዙ፤ መላኩ ማታ በዋይፋይ ነው።

ትልቁ ነገር ግን አፑ ውስጥ የለም። 6/60 ብሎ ቁጥር መንገር ቀላል ነው፤ «እና አሁን የት ልሂድ?» ሲባል ነው የሚጨንቀው። በ1998 ዓ.ም ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚያም ግማሹ ያህል፣ ማለትም 49.9 በመቶው፣ በዓይን ሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። እኛ ጋ ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለ፤ ለዓይን የወሎ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሆስፒታል ነው። ሆኖም ከኩታበር ጎጥ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳ ለመድረስ አጃቢ ያስፈልጋል፣ የመኪና ብር ያስፈልጋል፣ አዝመራ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚተካ እጅ ያስፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ዙሪያዋ ያሉ ጤና ተቋማት ስንት ዕቃ እንዳጡ እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲህ «ሄጄ ማሽኑ የለም ቢሉኝስ?» የሚል አዛውንት ሲገጥመኝ እልኸኛ ነው ብዬ አላልፈውም። የጥናቴ ዋና ጥያቄም እዚሁ ላይ ነው ያለው።

ያቺ ኩታበር ያገኘናቸው እማማ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ «አንቺ መነጽር ትሸጫለሽ አሉኝ፤ ታዲያ ለኔ ለምን አትሸጪልኝም?» ብለውኛል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ወሎ ውስጥ ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል። ቀኝ ዓይናቸው በመነጽር እንደማይድን፣ ሆስፒታል ማየት እንዳለበት አስረዳኋቸው። «እሺ፤ ግራውስ?» አሉ። ለግራውም ሆስፒታሉ ይለካልዎታል አልኳቸው። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር፤ ነገሩን ለዚያ ተዉት።

በመጨረሻ መምህራን ለሚጠይቁኝ፦ «ለተማሪ ይሆናል ወይ?» ይሆናል፤ ምናልባትም ከኔ ሥራ ይልቅ ለናንተ ይበልጥ ይሆናል። ኬንያ ትራንስ ንዞያ ውስጥ በ50 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መምህራን በፒክ ዘዴ ተማሪዎችን ለክተው፣ ችግር ያለበት ልጅ ሲገኝ ለወላጅ በስልክ መልእክት ማስታወሻ ሲላክ፣ ከተላኩት ልጆች 54 በመቶው ሕክምና ቦታ ደርሰዋል፤ በተለመደው መንገድ ከተላኩት 22 በመቶው ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው ፊደሏ ብቻ አልመሰለኝም፤ ማስታወሻውም ነው። የናኩሩው ነፃ አፕ ብቻውን ያንን መልእክት አይልክላችሁም፤ እሱ ትምህርት ቤቶቹ የተጠቀሙበት የትልቁ የፒክ ሥርዓት ሥራ ነው። ስለዚህ አፑን ስትጭኑ የወላጅ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ደብተርም አብራችሁ ክፈቱ፤ የሚደውል ሰውም ከወዲሁ መድቡ። ሐይቅ ያሉ መምህራን ይህን ስነግራቸው የተመደበው ሰው ማን እንደሚሆን ለመስማማት ከልኬታው የበለጠ ጊዜ ፈጅተዋል፤ የጂኦግራፊው መምህር ላይ ወድቋል፣ የአየር ሰዓት ካርዱን ወላጅ ኮሚቴው ይከፍላል።